አጎቴን በሠላሳ ደቂቃ

እኔ ነገር መጀመር እንጂ መጨረስ አልሆነልኝም። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ ሰበታ ውስጥ የሚያውቀኝን ሰው ጠይቁ። እናቴ ጨው ግዛ ብላ ልካኝ፣ ስመለስ «ምን ሆነህ ቆየህ?» ካለችኝ፣ መልሱ ከቤት ስወጣ ጫማዬን ካጣሁበት ይጀምራል። ሱቁ በር ላይ ሳልደርስ ወጡ በስሎ፣ ያለ ጨው ቀርቦ፣ ተበልቶ ያልቃል።

ነገሩ ከአስተዳደግ ነው። በእኛ በኩል ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ «አካም» ይባላል። ከዚያ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እርሻው፣ ዝናቡ ደህና መሆናቸው በየተራ ይጠየቃል። በኦሮምኛ ያለቀው በአማርኛ ይደገማል። ዋናው ጉዳይ የሚነሳው ተሰነባብተው ጥቂት ከተራራቁ በኋላ፣ «ለካ ረስቼው!» ተብሎ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ አገር ያሳደገውን ልጅ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «በሠላሳ ደቂቃ ድርሰት ጽፈህ ጨርስ» ማለት ግፍ አይደለም ትላላችሁ?

ግፉን ያሰበው አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ነው። ጋዜጠኝነት የሚማሩ ጥቂት ልጆችን በነጻ እቀበላለሁ አለ። መግቢያው አንድ ፈተና ብቻ፤ ርዕሱ እዚያው ይሰጣል፣ ሰዓት ይያዛል፣ በሠላሳ ደቂቃ አንድ ድርሰት በአማርኛ ይጻፋል። ከታች ደግሞ «ያላለቀ ድርሰት አይታረምም» የሚል ተጨምሮበታል። እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ ናት። እናቴ ጉሊት ሽንኩርት እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ፤ በክፍያ ኮሌጅ ልታስገባኝ አትችልም። ይህ ዕድል ካመለጠኝ የሚጠብቀኝ የጎረቤታችን የብሎኬት ማምረቻ ነው። የሰውየው ዓይን ደግሞ ገና ካሁኑ ትከሻዬን ሲለካ አይቼዋለሁ።

ዘመኑ ያ ዘመን ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ አገሩ ታምሷል። ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲባል ይዘጋል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፤ ጠዋት ይነሳል፣ ከሰዓት ይመለሳል። ስልኩ ሲያሰኘው ይሠራል፣ ሳያሰኘው ይተኛል። ወጣት ሰብሰብ ብሎ ከታየ «ምን እየመከራችሁ ነው?» ይባላል። እኛ የምንመክረው ስለ መግቢያ፣ ስለ ሐተታና ስለ መደምደሚያ ነበር፤ ግን ማን ያምናል?

የሚያስጠኑን የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር አስናቀ ነበሩ። ጎጃም ተወልደው ሰበታ የሸበቱ፣ ማስተማር እንደ ሱስ የሚያደርጋቸው ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለፈተናው የተመዘገብነውን ልጆች ወደ እኛ ግቢ ሰበሰቡን። አንዲት ትልቅ ባለ ደወል ሰዓት በፎጣ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ስትጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይመልስላታል። እሷ ስትጮህ እሳቸውም ይጮኻሉ። «እስክሪብቶ አስቀምጡ!»

እኔ ያን ጊዜ ሁልጊዜ መግቢያ ላይ ነኝ። «የትራፊክ አደጋ» የሚል ርዕስ ሲሰጡን «የሰው ልጅ ከመፈጠሩ በፊት መንገድ አልነበረም» ብዬ ጀመርኩ። ደወሉ ሲጮህ ገና ፈረስ እያላመድኩ ነበር። ስለ ንጽሕና ጻፉ ሲሉን ከኖኅ ውኃ ተነሳሁ፤ መርከቡ ሳያርፍ ሰዓቱ አለቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጫልቱ ቀድማ ጨርሳ ጥፍሯን ትሞርዳለች። መምህር አስናቀ ወረቀቴን አንስተው ያዩና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

«አንተ ልጅ፣ አንተ መደምደሚያ ላይ ስትደርስ እኮ ፈታኞቹ ጡረታ ይወጣሉ!»

አንድ ቀን ጠዋት፣ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው፣ እንደተለመደው አንገታችንን ደፍተን ስንጽፍ የመኪና ድምፅ ሰማን። ፓትሮል ነው፤ በራችን ላይ ቆመ። አንድ አሥር አለቃ ገባ። ረጅም፣ ከሲታ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው። አንድ አግዳሚ ላይ የተደረደርነውን ልጆች አየ፤ መምህር አስናቀን አየ። እሳቸው በድንጋጤ ሰዓታቸውን ደረታቸው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈዋል።

«ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ?»

እውነቱን ብንናገር ምን ነበረበት? አሁን ሳስበው ምንም አልነበረበትም። ያን ጊዜ ግን «ድርሰት እየጻፍን ነው» ማለት፣ «ምን ዓይነት ድርሰት? የት የሚበተን?» የሚል ያመጣል ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ አፌን ከፈተው፤ አፌም እኔን ሳያማክር ሠራ።

«ለቅሶ ነው» አልኩ።

በሕይወቴ ሳላንዛዛ የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር እሷ ናት።

«ማን ሞቶ?»

ብልህ ሰው እዚህ ላይ ማንም የማያውቃትን አንዲት አሮጊት ይገድላል። እኔ ግን «አጎቴ። ኦቦ ዲሪባ። ተፍኪ» አልኩ። ኦቦ ዲሪባ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የእናት ወንድምን በኦሮምኛ ኤሱማ እንላለን፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ኤሱማ እላቸዋለሁ። ተፍኪ ገበሬ ናቸው፤ ጤነኛ፣ ቁጡ፣ ድምፃቸው ከማሳ ማሳ የሚሰማ። ለምን እሳቸውን? ተፍኪ ሩቅ ነው፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ ስልክ የለም። ለመሞት ከእሳቸው የተመቸ ሰው አልታየኝም።

አሥር አለቃው ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ጫልቱ ለካ ጥፍር መሞረድ ብቻ አይደለም የምትችለው፤ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ አንዲት ሲቃ ለቀቀች፣ እኔንም አስደነገጠችኝ። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«የእኔም አባት በዚህ ሰሞን ነው ያረፈው። ግዳጅ ላይ ሆኜ አልቀበርኩትም። ለቅሶም አልተቀመጥኩለት።»

እንባው ወረደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፈርኩ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ውሸቴ ትመቸኝ ነበር፤ ደግ ሰው ሲሆን ግን ከበደችኝ። ተነስቶ ሲወጣ «ማንም አይነካችሁም፣ አልቅሱ» አለን። በሩ ሲዘጋ ሳቅን፤ ነገሩ አለፈ ብለን እስክሪብቷችንን አነሳን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሥር አለቃው መንገድ ላይ የዕድራችንን ዳኛ ጋሽ ታደሰን አግኝቶ፣ በቅንነት፣ «ምነው አባቴ፣ ጎረቤታችሁ ሐዘን ላይ ሆኖ ልጆች ብቻቸውን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ?» ይላቸዋል። ጋሽ ታደሰ በዕድራቸው የሚመጣባቸውን አይወዱም። «በእኛ ሰፈር ሰው ሞቶ ለእኛ የሚነግረን ከሌላ አገር የመጣ ወታደር ነው?» ብለው እንደ እብድ ሆኑ። ወዲያው ጡሩምባው ተነፋ። ሰፈር ለሰፈር የእናቴ ስም እየተጠራ «ወንድሟ አርፏልና ድረሱ!» ተባለ።

ጠዋት የጀመርነውን ድርሰት ሳንጨርስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። አግዳሚ መጣ፣ ጀበና መጣ፣ ቆሎ መጣ። የሰፈሩ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። «ሬሳው የታለ?» ያለ አልነበረም፤ ሩቅ ለሞተ መርዶ ደርሶ ቤት ውስጥ ለቅሶ መቀመጥ ደንባችን ነው። መምህር አስናቀ ጋሽ ታደሰን ወደ ጥግ ወስደው እውነቱን ሊነግሩ «እንግዲህ ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው…» ሲሉ፣ አሥር አለቃው ከጓደኞቹ ጋር ዳቦ ተሸክሞ ተመለሰ። ሊያስተዛዝነን! መምህር ቃላቸውን ውጠው «…ሁላችንም ሟች ነን» ብለው ጨረሱት።

ከሁሉ የከፋው የእናቴ መምጣት ነው። ከጉሊት ስትመለስ በሯ ላይ ድንኳን አየች። ሽንኩርቷን ጥላ «ማነው የሞተብኝ?» ብላ መሬት ላይ ልትወድቅ ስትል ሮጬ አቅፌ ያዝኳትና በጆሮዋ ሹክ አልኳት፤ «እማዬ፣ ማንም አልሞተም። ኤሱማ ደህና ናቸው። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ወታደሮቹ አሉ፣ ዝም በይ።»

ትንፋሿ ተመለሰ። ከዚያ ክንዴን ያዘችና እንዲህ ቆነጠጠችኝ፤ እስከ ዛሬ ቦታውን አውቀዋለሁ። ዝም ማለትም ስላልቻለች፣ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ማልቀስ ጀመረች።

«ወይኔ! ወይኔ እኔ! ምን ዓይነት ጉድ ወለድኩ! ምነው ያን ቀን ማሕፀኔ በተዘጋ! ቆይ ብቻ ሰው ይሂድ! ወይኔ፣ ቆይ ብቻ ሰው ይሂድልኝ!»

ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ሐዘን እንዲህ ያስለፈልፋል» እያሉ አብረው አለቀሱ። እኔ ብቻ ነኝ ቃል በቃል የገባኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ታደሰ ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ፣ ሟቹን እዚህ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። በደንቡ መሠረት የሕይወት ታሪካቸው ይነበብልን። ይሄ ልጅ ጋዜጠኛ ሊሆን ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይጻፍ።»

የድንኳኑ ዓይን በሙሉ እኔ ላይ ተተከለ። ልምምድ ቢሆን ወረቀቴን ቀድጄ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን ሕዝብ ይጠብቃል፣ ፓትሮል ይጠብቃል፣ እናቴም በሌላ ምክንያት ትጠብቃለች። መምህር አስናቀን ብታዩአቸው! ፍርሃቱ ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ዓይናቸው አበራ። ሱስ ነው አልኳችሁ እኮ። ሰዓቷን ከፎጣው አወጡና ቁልፏን ጠመዘዙ።

«ሠላሳ ደቂቃ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከአዳም እንዳትጀምር።»

ጓሮ ሄጄ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ የመጣልኝ «ዓለም ሳይፈጠር» የሚለው ነበር። እሱን ሰረዝኩና «ኦቦ ዲሪባ ተፍኪ ተወለዱ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ራሱ ሄደ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እናቴን እንዴት እንዳሳደጓት ጻፍኩ። ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው እኔን ትከሻቸው ላይ አድርገው እንዴት እንዳሻገሩኝ፣ ውኃው ወገባቸው ሲደርስ እንዳልፈራ እንዴት እንደዘፈኑልኝ ጻፍኩ። መሬት ለኪዎች በመጡ ጊዜ ማሳቸው መካከል ተዘርግተው ተኝተው፣ «ከለካችሁ እኔንም ጨምራችሁ ለኩ» እንዳሉ ጻፍኩ። ለሟች እንደሚደረገው ትንሽ ቅቤም ቀባሁ፤ የሌሏቸውን በሬዎች ሰጠኋቸው፣ ከግማሽ ተፍኪ ጋር የተኳረፉትን ሰውዬ አስታራቂ ሽማግሌ አደረግኋቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱ በእንባዬ ረጥቧል። ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ ለደህናው ሰው፣ ከልቤ አለቀስኩ። ብድግ ስል ሰዓቷ ገና አልጮኸችም። ጨርሻለሁ! እናንተ ሆይ፣ ጨርሻለሁ!

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። የሆነውን ኋላ ነው ሰዎች የነገሩኝ፣ እኔ ፊቴን ወረቀቱ ውስጥ ቀብሬ ነበርና። ስማቸውን ጠርቼ፣ የአዋሹን አንብቤ ወደ በሬዎቹ ስሻገር አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ «ያ ዋቅ! አምላኬ!» እያሉ እያለቀሱ ደረሱ። ኤሱማ ናቸው። አንድ ጋሪ ነጂ «እህትህ ቤት ድንኳን ተተክሏል» ብሏቸው፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ፣ ድንጋዩን እየዘለሉ በእግርም በጋሪም መጥተዋል። በር ላይ ያሉት ሰዎች መልካቸውን አያውቁትም። «ይቀመጡ አባቴ፣ ታሪክ እየተነበበ ነው» ብለው ከኋላ አስቀመጧቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጡ ጀመር። ስለ በሬዎቹና ስለ አስታራቂነቱ ሲሰሙ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ፤ አጠገባቸው ወዳለው ሰውም ጠጋ ብለው «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው? ምነው በሕይወት እያለ ባስተዋወቃችሁኝ!» አሉ።

ከዚያ መሬት ለኪዎቹ ጋ ደረስኩ። «…ማሳቸው መካከል ተዘርግተው ተኙና…» ከማለቴ፣ ከማሳ ማሳ የሚሰማው ያ ድምፅ ከኋላ ተነሳ።

«ማሊ? ምንድን ነው? ይሄ እኮ እኔ ነኝ!»

በዚያችው ቅጽበት ሰዓቷ ጮኸች። መምህር አስናቀ ከልምድ የተነሳ «እስክሪብቶ አስቀምጡ!» ብለው ጮኹ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰ። ጋሽ ታደሰ አማተቡ። እናቴ አንዲት ጩኸት ጮኸች፤ ይቺኛዋ የእውነት ነበረች። አሥር አለቃው ብድግ አለ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

አለቀልን አልኩ። ስብሰባ፣ ውሸት፣ በወታደር ላይ መቀለድ። ኮሌጁ ሲርቅ፣ ብሎኬቱ ሲቀርብ፣ ከብሎኬቱም የባሰ ነገር ሲመጣ ታየኝ። ለእኔስ ይሁን፤ ጫልቱና ሌሎቹ ልጆች ምን በወጣቸው?

ኤሱማ ዙሪያቸውን ቃኙ። በነጠላ ሥር ደብተር የደበቁትን ልጆች አዩ፤ ሰዓት ያቀፉትን መምህር አዩ፤ የእህታቸውን ዓይን አዩ፤ እኔን፣ ወረቀቱን፣ ወታደሩን አዩ። በሽምግልና ችሎት ብዙ ጠብ ያዩ ሰው ናቸው፣ አብዛኛውን ራሳቸው ያስነሱት ቢሆንም። ለካ ሁሉም ገብቷቸዋል። ጋቢያቸውን ወርውረው ድንኳኑ መካከል ተዘረጉ።

«ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ! መንትያዬ! እሱ ማለት እኔ፣ እኔ ማለት እሱ! አንድ ማሕፀን፣ አንድ መልክ! ዲሪባ ሞቶ እኔ ገመዳ ምን እሆናለሁ?»

እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰበታ አይታ አታውቅም። ሰው ራሱን ሲያለቅስ አይሰስትም ለካ፤ የሚያውቀውን ደግነት ሁሉ እየቆጠረ ነው። አሥር አለቃው ጎንበስ ብሎ አነሳቸው፤ እሳቸውም አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። መንትያ ስለመሆናቸው የጠየቀ ሰው አልተገኘም።

ፓትሮሉ ሲሄድ ኤሱማ ጆሮዬን ይዘው ጓሮ ወሰዱኝ።

«ኤሱማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ደንግጬ ነው…»

«ዝም በል! እነዚያን በሬዎች የት አባቴ አስሬ ነው?»

«ለማሳመር ነው።»

«ከእነ ቶላ ጋር ተኳርፌ ሳለሁ አስታራቂ ያደረግኸኝስ?»

«እሱም ለማሳመር ነው።»

ጆሮዬን ለቀቁና ባልዲው ላይ ተቀመጡ። «ያን ወታደር ስይዘው እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። «አባቴን አልቀበርኩም አለኝ። ያለቀስኩት ለሱ አባት ነው፤ እኔማ ደህና ነኝ።» ከዚያ ወረቀቴን ከኪሴ መዘው አወጡና መልሰው ሰጡኝ። «ሳልመጣ ያነበብከውን ድገምልኝ።»

የአዋሹን ደገምኩላቸው። እንዳለቀሱ እንዳላይ ፊታቸውን አዞሩ።

«በምን ያህል ጊዜ ጻፍከው?»

«ሠላሳ ደቂቃ አልሞላም።»

«እንግዲህ ስማ። እኔ ለአንተ ብዬ ሞቻለሁ፤ በሽማግሌ ፊት፣ በወታደር ፊት፣ ራሴን አልቅሼ። ያን ፈተና ካላለፍክ በከንቱ ሞቼ ቀረሁ ማለት ነው።»

እውነቱን ለዕድሩ የነገርኩት እኔው ነኝ። ጋሽ ታደሰ ሳቃቸውንም ቁጣቸውንም መቆጣጠር አቅቷቸው፣ በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብሎ ያስለቀሰ ከእንግዲህ በሰፈሩ የሚተከለውን ድንኳን ሁሉ እየተከለና እየነቀለ ይኖራል ብለው ፈረዱ። እናቴም የቀጠረችልኝን አልረሳችም፤ ሰው እንደሄደ ከፈለችኝ። ኤሱማ መንገዱ እስኪከፈት እኛ ዘንድ «ገመዳ» ተብለው ከረሙ። ፓትሮሉ ባለፈ ቁጥር አሥር አለቃው ዝቅ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለሟቹ ወንድማቸው ምርቃት ይመርቁለታል። ማታ ማታ ርዕስ ይሰጡኛል፤ «ስለ ድንች ጻፍ»፣ «ስለ ምቀኛ ጎረቤት ጻፍ»፣ እያሉ። እኔም እየጨረስኩ አነበብኩላቸው። የሚደንቀው እሱ ነው፤ እጨርሳለሁ።

የፈተናው ቀን መኪና የለም። ገና ሳይነጋ ተነስቼ በፉሪ በኩል ኮረብታውን እያቋረጥኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። እግሬ ቢላላጥም ልቤ ሞልቷል፤ ማንኛውም ርዕስ ይምጣ ብያለሁ። ኮሌጁ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ብረቱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ። በወቅቱ ሁኔታ ምክንያት ፈተናው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል።

ያን ሁሉ መንገድ እያለቀስኩ ተመለስኩ። እንዲያ ሆኖ መመለስ ያሳዝናል፤ ሌላ የምለው የለኝም። ኤሱማ በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

«ጨረስክ?» አሉኝ ገና ከሩቅ።

«አልጀመርኩም፣ ኤሱማ። ፈተናው ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል።»

ዓይኔን አዩት፣ እግሬን አዩት። ከዚያ ትከሻዬን ያዙና ወደ ግቢው መለሱኝ።

«ይሁን። እኔም ሞቴን ላልተወሰነ ጊዜ አራዝሜዋለሁ። ግባና ጻፍ።»